ያውቁ ኖሯል? ከመቀሌ ወደ ፏፏቴና ወደ በረዶ ግግር፣ በክረምት

ያውቁ ኖሯል? በማለዳ ከመቀሌ የተነሳ ሰው ፏፏቴም፣ የበረዶ ግግር የሠራውን ዓለትም አይቶ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል። በረዶው ከቀለጠ ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት ስለሚጠጋው ካፖርት አያስፈልግም። የዝናብ ልብስ ግን ይያዙ።

ያውቁ ኖሯል? በመቀሌ ዙሪያ ከሚዘንበው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ብዙ ጎብኚ የሚሸሸው ወቅት ለፏፏቴ ደህናው ወቅት ነው ማለት ነው። ከከተማዋ ብዙም የማይርቀውን የሮማናት ፏፏቴ በበጋ ሄደው «ይኸው ነው?» ብለው የተመለሱ ካሉ፣ በፏፏቴው ሳይሆን በወሩ ይፍረዱ።

ያውቁ ኖሯል? የትግራይ ደጋ ዝናብ ጠብታው ተለቅ ያለ ነው። ቤልጂጋዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በሌላ አገር በተመሳሳይ ኃይል ከሚጥል ዝናብ ይልቅ የዚህኛው ጠብታ እንደሚገዝፍ አሳይተዋል። ከባድ ጠብታ አፈሩን ይደበድባል፤ ወንዙም ቡና መስሎ ይወርዳል።

ያውቁ ኖሯል? እርስዎ ባሉበት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ ተራራው ላይ ነውና። አስጎብኚዎ «ይህን ወንዝ አንሻገርም» ካለ አይከራከሩት። የከፈሉት ለዚህም ጭምር ነው።

ያውቁ ኖሯል? መቀሌ የቆመችው በጥንት ባሕር ወለል ላይ ነው። የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰሮች ዘመን ከባሕር ሥር የተጠራቀመ ነው። ይህ ድንጋይ ሌላም ሥራ አለው። ውሃ ኖራውን አሟሙቶ ይዞ ይጓዛል፤ ገደል ላይ ሲወርድና ሲናወጥ ግን ያራግፈዋል፤ የተራገፈውም ተደራርቦ ድንጋይ ይሆናል። ፏፏቴ ገደሉን ይበላል ሲባል እንሰማለን፤ እዚህ ግን ይገነባል። ከመቀሌ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ማይ መክደን እንዲህ የተሠራ የተፈጥሮ ግድብ በጥንት ዘመን ከኋላው ውሃ አቁሮ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ዶው፣ ቤይትና ፀጋዬ ኃይሉ የተባሉ የሥነ ምድር ባለሙያዎች በሰሜን ኢትዮጵያ የበረዶ ግግር ዓለት መገኘቱን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ዓለቱ ዛሬ በትግራይዋ ከተማ በእዳጋ ዓርቢ ስም ይጠራል። ምልክቱን ለማየት ሊቅ መሆን አያሻም፤ ከሩቅ የመጡ ልዩ ልዩ ድንጋዮች፣ ትልቁም ትንሹም፣ በደቃቅ ጭቃ ውስጥ ተቀላቅለው ደርቀዋል። ወንዝ ቢሆን ኖሮ በየመጠናቸው ይለያቸው ነበር፤ በረዶ ግን ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ወስዶ በቀለጠበት ይጥላል። ከሥር ያለው ዓለትም በረዶው እየጎተተው ባለፈው ድንጋይ ተጭሯል። ያኔ አፍሪካ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከሕንድና ከአንታርክቲካ ጋር ተጣብቃ፣ አሁን ካለችበት ርቃ ወደ ደቡብ ዋልታ ተጠግታ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ያም የበረዶ ግግር የመጀመሪያው አልነበረም። በእንትጮ ስም የሚጠራው የአሸዋ ድንጋይ ከዚያ በፊት፣ የዛሬ 445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ሌላ በረዶ እንደነበር ይመሰክራል።

ያውቁ ኖሯል? በገርዓልታ ወዳለው የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ የመጨረሻው መወጣጫ በባዶ እግር ነው። ዓለቱ ሲረጥብ ያዳልጣል። ደመና ከከበደ ጉዞውን ለነገ ማለት ፍርሃት አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነጋዴው ኮስማስ በቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። የንጉሡ ስም አልተረፈም። ሠራዊቱ ግን ሰው እስከ ጉልበቱ በበረዶ በሚሰጥምበት የሰሜን ተራራ መዝመቱ ተርፏል። ከትግራይ ደጋ ወደ በረዶ ስለተደረገ ጉዞ እኔ የማውቀው ጥንታዊ ጽሑፍ ይህ ነው፤ አየሩም መጥፎ እንደነበር ተጽፏል።

ያውቁ ኖሯል? ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ የበረዶ ግግር የለም። በአፍሪካ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያና በሩዌንዞሪ ተራሮች ብቻ ነው፤ እሱም እየሳሳ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በጥንት ዘመን ግን በባሌ ሰው ከበረዶ ግግር ጎን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። ከበረዶው የሚቀልጠውን ውሃ ይጠጡ፣ ከዚያው ከበረዶው አጠገብ ለመሣሪያቸው የባልጩት ድንጋይ ይለቅሙ ነበር። ምሳቸውስ? ግዙፍ የባሌ ፍልፈል፣ ጥብስ።