በገበታ ላይ የሚደረግ ጦርነት

ከኒሯቅ ተነሥቶ ባሕር ለማየት የሚሻ ሰው ብዙ አገር ማቋረጥ አለበት። የአበርገሌ ልጅ የሚያውቀው ሰፊ ውሃ የተከዜ ግድብ ያቆመው ሐይቅ ነው። ታዲያ ስለ ሸራ መርከቦች ጦርነት ማውራት ለእኛ ምን ይረባናል? ትዕግሥት ይኑርህ፤ ነገሩ ከደጃችን ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ «የእንጨት መርከቦችና የብረት ሰዎች» የሚባል የገበታ ጨዋታ ታተመ። ባሕሩ በወረቀት ላይ ተሥሏል፤ መርከቦቹ የካርቶን ቁራጮች ናቸው። አለቃው ነፋስ ነው፤ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ የሚሄድ መርከብ የለም። መድፎቹም በግራና በቀኝ ስለተደረደሩ፣ ጎኑን ወደ ጠላት ያላዞረ መርከብ ኃይሉ ከንቱ ነው።

ዋናው ብልሃት ግን ሁለቱ ተጫዋቾች ትእዛዛቸውን በምስጢር ጽፈው መርከቦቻቸውን ባንድ ጊዜ ማንቀሳቀሳቸው ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ጠላቱ ያለበትን ሳይሆን የሚደርስበትን ቦታ መገመት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ሒሳቡንም ምስጢሩንም መኪናው ተረከበ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያው ወረራ ይባላል። ከወገን አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እያንዳንዱ የሌላውን እጅ እየሰለለ ሠራዊቱን ባንድ ጊዜ ያሰልፋል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ድሉም ወግ አለው፤ ንጉሡን በፈረስ መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም፣ በደካሞቹ ጠጠሮች መያዝ ግን ያስከብራል። የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል።

ዛሬ ግን ወረራን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ደንቡን ባይጽፉልን ኖሮ ብዙው ነገር ተረስቶ በቀረ ነበር። የመርከቡ ጨዋታ ወደ ኮምፒዩተር ሊገባ የቻለው ደንቡ አስቀድሞ በጽሑፍ ስለነበረ ነው። መኪና የሚታዘዘው ለተጻፈ ነገር ነው፤ አፍ ላይ የቀረውን አያውቅም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሰንጠረዥ ወይም ገበጣ የሚያውቁ አያት ካሉህ ዛሬውኑ ደብተርህን ይዘህ አጠገባቸው ተቀመጥ። ገበጣ ከአገር አገር ደንቡ ይለያያልና፣ «በእናንተ ዘንድ እንዴት ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። የምትጽፈው አንድ ገጽ፣ ነገ አንድ ወጣት ኮምፒዩተር ላይ ለሚሠራው ጨዋታ መሠረት ይሆናል።