ውሻው «ያለምክንያት» ነከሰው?

በቅርቡ አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። እጁን የነከሰው የራሳቸው የግቢ ውሻ ነው። «ዶክተር፣ ማንንም ነክሶ አያውቅም፤ ዛሬ ዝም ብሎ ያለምክንያት ነከሰው» አለችኝ። ልጁን ስጠይቀው ግን ውሻው አጥንት እየጋጠ ሳለ ሊዳብሰው ተጠግቶ ነበር። ምክንያቱ ይሄው ነው!

ውሻን ለመንከስ የሚያነሳሱት ነገሮች ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው፦

1. ፍርሃት፦ በተለይ የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ ስለማይችል ይነክሳል።
2. ምግቡን ወይም ቡችሎቹን መጠበቅ።
3. ህመም፦ የቆሰለ ውሻ የሚያመውን ቦታ ሲነኩት ይናከሳል።
4. ሩጫ፦ የሚሮጥን ነገር ማባረር ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ሲመጣባችሁ አትሩጡ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ዓይኑን ትኩር ብላችሁ አትዩት፣ ሲረጋጋ ቀስ ብላችሁ ራቁ።

ውሻ ከመንከሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ያስጠነቅቃል። ጆሮውን ወደኋላ ያጥፋል፣ ጭራውን እግሮቹ መሃል ይከታል፣ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ያጉረመርማል። ሲያጉረመርም አትምቱት፤ ማስጠንቀቁን ይተውና በቀጥታ መንከስ ሊለምድ ይችላል። ጭራውን ቆላ ማለትም ሁሌ ደስ አለው ማለት አይደለም። ልጆች ይሄን ስለማያውቁ በብዛት ይነከሳሉ፤ እባካችሁ አስተምሯቸው።

አንዳንዴ ግን የጸባዩ ምክንያት ቫይረስ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አንጎልን ስለሚያጠቃ ለማዳው ውሻ ኃይለኛ ይሆናል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል። አንዳንዱ ደግሞ ፈዞ ጥግ ይይዛል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ውሻው ለምን እንደነከሰ ማወቃችን ህክምናውን አያስቀርም። ቫይረሱ ምልክት ከመታየቱ ከቀናት በፊት ጀምሮ ለሃጩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እናትየውን «ውሻው ተከትቧል?» ስላት «ኧረ አልተከተበም» አለች። ልጁን ክትባት አስጀመርነው፣ ውሻው ደግሞ ታስሮ ለ10 ቀን እንዲታይ ነገርናት። በ10 ቀኑ ጤነኛ ከሆነ ክትባቱ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የታወቀን ውሻ ተናዳችሁ አትግደሉት።

ከተነከሳችሁ፦

- ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ።
- ቡና፣ በርበሬ ወይም ቅጠል አታድርጉበት።
- በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቢቧጭራችሁ ወይም ቁስላችሁን ቢልሳችሁም ያው ነው።
- ቁስሉ ስለዳነ ክትባቱን አታቋርጡ። በሽታው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከጀመረ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል እንችላለን። ውሻችሁንም በየጊዜው አስከትቡ።

ልጅና ውሻ ላለው ቤት ሁሉ ሼር አድርጉልኝ።