የሰማይ ላም ስትታገድ

ጋሼ ፍርዱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተው ነው የጥብቅና ቢሮዬ የመጡት። ብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው። ለአንድ ተቋራጭ ፌሮ በዱቤ ሰጡት፤ ሰውየው «ዛሬ ነገ» ሲላቸው ከረመ፤ ከሰሱትና ረቱት። 1.4 ሚሊዮን ብር ከ9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር ተፈረደላቸው።

«እንግዲህ ምን ቀረን? መኪናውን ያዝልኝ» አሉኝ። «ታርጋውን ጽፌ ይዣለሁ።»

ታርጋው ሲጣራ ሊብሬው በአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ሆኖ ተገኘ። የሚኖርበት ቤትም እንደዚያው። በራሱ ስም ያለው የባንክ ሒሳብ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። የእሱ ነው የሚባል ነገር ቢኖር ከወንድሞቹ ጋር ባቋቋመው በዚያ ማኅበር ውስጥ ያለው 40 በመቶ ድርሻ ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ «ላም አለኝ በሰማይ» አሉና ተረቱን ሳይጨርሱት ተዉት።

እኔ ግን በሥራዬ የተማርኩት ሌላ ነው። ላሟ ሰማይ ላይም ብትሆን ትታገዳለች። እረኛውም ዳኛውም የሚያደርጉትን የምንጠራው በአንድ ግስ ነው፤ ሁለቱም ያግዳሉ። ቁም ነገሩ በየትኛው በር እንደምትወጣ አውቆ በሩ ላይ መቆም ነው።

ማኅበር በሕግ ዓይን ራሱን የቻለ ሰው ነው። ለአባሉ ዕዳ የማኅበሩን መኪና ብናስይዝ፣ ሥራ አስኪያጁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 መሠረት «ንብረቱ የባለዕዳው አይደለም» ብሎ ተቃውሞ ያቀርብና ያስለቅቀዋል። ለእኛ የሚተርፈን ኪሳራ መክፈል ነው። ድርሻው ግን የባለዕዳው የግል ንብረት ስለሆነ ሊታገድና ሊሸጥ ይችላል።

ይህን ሥራ ስጀምር አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። የድርሻ እግድ አስወጣሁና ለማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ብቻ አደረስኩ። ሥራ አስኪያጁ የባለዕዳው ወንድም ነበር። ትእዛዙን ፈርሞ በተቀበለ በሁለተኛው ቀን ቃለ ጉባዔ ተጽፎ፣ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ጸደቀ፤ ድርሻውም ወደ እህታቸው ዞረ። ያንን ለማስፈረስ ሌላ ክስ፣ ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ እግዱን በአንድ ቀን ሦስት ቦታ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ሰነድ ለሚያረጋግጠው ውልና ማስረጃ፣ ቀጥሎ ለንግድ ምዝገባው መሥሪያ ቤት፣ መጨረሻ ላይ ለማኅበሩ። ቅደም ተከተሉን አልለውጥም።

የትእዛዙ አጻጻፍም ወሳኝ ነው። «ድርሻው እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ» የሚለው የተለመደ ሐረግ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ትርፍ ሲከፋፈል የባለዕዳው ድርሻ በፍርድ ቤት እንዲያዝ፣ ድርሻው በመያዣ እንዳይሰጥ፣ ማኅበሩም የአባላት መዝገቡንና የመጨረሻውን የሒሳብ መግለጫ እንዲያቀርብ ጨምሬ እጠይቃለሁ። ባለዕዳው የባንክ አክሲዮን ካለው ጊዜውንም አያለሁ። የባንኮች በጀት ዓመት በሰኔ ይዘጋል፤ ጠቅላላ ጉባዔያቸው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይደረጋል። ትእዛዙ በመስከረም አክሲዮን ክፍል ከደረሰ የዓመቱን ትርፍ ያገኘዋል። በጥር ከደረሰ ግን ገንዘቡ ወጥቶ ተበልቷል።

ወደ ጋሼ ጉዳይ ልመለስ። ድርሻው ከታገደ በኋላ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ችሎት ቀርቦ የመመሥረቻ ጽሑፉን ዘረጋ። «የማኅበሩ ካፒታል 500,000 ብር ነው። የወንድሜ ድርሻ 200,000 ብር ነው። ይኸው፣ እሱን ሽጡ» አለ። ይህ ቁጥር ብዙ ጠበቃ አታሏል። በመመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ያለው ካፒታል ማኅበሩ በተመሠረተበት ቀን የተዋጣው እንጂ ዛሬ ያለው ሀብት አይደለም። ድርሻው በሒሳብ አዋቂ እንዲገመት ጠየቅን፤ ተፈቀደልን።

የሒሳብ መግለጫውን ከባለሙያው ጋር ቁጭ ብለን በጣታችን እየተከተልን አነበብነው። የማኅበሩ ሁለት ኤክስካቫተሮች የእርጅና ቅናሽ እየተደረገባቸው ዋጋቸው ከመዝገቡ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ሁለቱም ግን ሥራ ላይ ናቸው። ከዚያ በዕዳ በኩል ወረድን። አምስተኛው መስመር ላይ «ከአባላት የተወሰደ ብድር» ይላል። ዝርዝሩ ሲገለጥ ከዚያ ውስጥ 600,000 ብሩ የእኛ ባለዕዳ ለማኅበሩ ያበደረው ነው።

ድርሻ ለመሸጥ ግምት፣ ሐራጅ፣ የአባላት ፈቃድ ጥያቄ አለ። ይህ ግን ማኅበሩ ለባለዕዳው የሚከፍለው ተራ ዕዳ ነው። ፍርድ ቤቱ ማኅበሩን «ለእሱ የምትከፍለውን ለፍርድ ባለመብቱ ክፈል» ብሎ አዘዘ። ስንፈልገው የከረምነው ገንዘብ በዕዳ ዓምድ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ለቀሪው ዕዳ ድርሻው ለሐራጅ ወጣ። ማስታወቂያው «አፈጻጸም ከሳሽ» እና «አፈጻጸም ተከሳሽ» ብሎ ጀምሮ፣ መነሻ ዋጋውን ጠርቶ፣ ተጫራቾች ሩቡን በሲፒኦ እንዲያስይዙ ይላል። እውነቱን ለመናገር የቤተሰብ ማኅበር ድርሻ ብዙ ገዥ የለውም። ከሦስት ወንድማማች ጋር ለመቀመጥ ገንዘቡን የሚያወጣ ባዳ ከየት ይመጣል? የማስታወቂያው ጉልበት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወንድሞቹ ባዳ እንዲገባባቸው አይፈልጉም። ሐራጁ ሊደረግ አራት ቀን ሲቀረው ታላቁ ወንድም ቀሪውን ከነወለዱና ከነኪሳራው ከፍሎ መዝገቡን አዘጋ። ለወንድሙም እንዲህ አለው፦ «ዕዳህን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ባለዕዳነትህ ለእኔ ነው።»

ጋሼ አሁንም ፌሮ በዱቤ ይሰጣሉ። ግን መጀመሪያ «ሊብሬው በማን ስም ነው?» ይላሉ። እናንተም ለማኅበር ስትሸጡ ባለቤቱን በግሉ ዋስ አድርጋችሁ አስፈርሙ፤ ለግለሰብ ስትሸጡ ደግሞ በስሙ ምን እንዳለው አስቀድማችሁ አጣሩ። ፍርድ በእጃችሁ ካለም በፌስታል አታቆዩት። 10 ዓመት ካለፈው አፈጻጸም አይጠየቅበትም።