ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ስለሚነፍስ አሮጌ መኪና፤ ምክንያቱና መፍትሔው

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ታላቅ መንገድ የአዊን ምድር ሲያቋርጥ በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ከተማ ስለሆነች፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማለዳው ውርጭ ነው፤ በክረምትም ጉምና ዝናብ አይለያትም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ድንቹን፣ ገብሱንና የሱቁን ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ፣ ሾፌሮች ሂተር የሚሉትን የመኪና ማሞቂያ እንደ ቅንጦት ሊቈጥረው አይገባም። ማሞቂያው የፊት መስተዋቱን ከጉም የሚያጠራ ነውና፣ ሥራውን ባቆመ ጊዜ የሚጎዳው የሾፌሩ ጣት ብቻ ሳይሆን ዓይኑም ጭምር ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሳችን ላይ የደረሰው ነገር ነው። በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ብዙ ዓመት የሠራች አንዲት ፒክ አፕ መኪና አለቻቸው። በአንድ የታኅሣሥ ማለዳ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ድንች ጭነን ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ተነሣን። ሾፌሩ ማሞቂያውን ቢከፍተው የሚነፍሰው እንደ ውጪው የቀዘቀዘ አየር ሆነ። የሦስታችን እስትንፋስ መስተዋቱን ሸፈነው፤ ሾፌሩም በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው በጨርቅ እየወለወለ ሲነዳ፣ ከፊታችን የነበረውን የፈረስ ጋሪ ያየው ሊደርስበት ጥቂት ሜትር ሲቀረው ነው። እግዚአብሔር ጠብቆን መኪናዋ ቆመች፤ ባለጋሪው ግን ደንግጦ ከመቀመጫው ወርዶ ነበር።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናትና የማሞቂያው ዕቃ ተበላሽቷል ተባልን። አሠሪዬም ሌላ ገዝተው አስገጠሙ፤ መኪናዋም ለዚሁ ክሩስኮቷ ተፈትቶ ሦስት ቀን ያለ ሥራ ቆመች። በአራተኛው ቀን ማለዳ ግን አየሩ እንደ ቀድሞው ቀዝቃዛ ነበር። በኋላ በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ ኮፈኑን አስከፍተው ሁለት ቱቦዎችን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «ልጆቼ፣ የዚች መኪና ቴርሞስታት የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ቴርሞስታቱ ከሁለት ዓመት በፊት መኪናዋ የዓባይን ዳገት ስትወጣ ስለ ፈላች ወልቆ ተጥሎ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት የማሞቂያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ማሞቂያው የራሱ እሳት የለውም። ከክሩስኮቱ ሥር የተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር ሲሆን፣ ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ውሃ በአንድ ቱቦ ገብቶበት በሌላው ይመለሳል፤ ማራገቢያውም አየር ያሳልፍበትና ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይነፍሳል። ስለዚህ ማራገቢያው በኀይል እየነፈሰ አየሩ ከቀዘቀዘ፣ ጥፋቱ ከኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከውሃው ወይም አየሩን ከሚመራው መዝጊያ ነው ማለት ነው። ውሃው ደግሞ የሞተሩም ሕይወት ስለሆነ፣ የማሞቂያው መቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ስለ ሞተሩ ጤና አስቀድሞ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው።

ቴርሞስታት የሚባለው በሞተሩና በትልቁ ራዲያተር መካከል ያለ ትንሽ በር ነው። በውስጡ ሰም አለበት፤ ውሃው እስኪሞቅ በሩ ይዘጋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲያብጥ ግን በሩን ገፍቶ ይከፍታል። የሚከፈትበት የሙቀት መጠን በላዩ ላይ የተቀረጸ ሲሆን፣ በብዙ መኪናዎች 82 ወይም 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በሩ ከወለቀ ወይም ተከፍቶ ከቀረ፣ ውሃው ሳይሞቅ ያለማቋረጥ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። በደጋ ማለዳም ሞተሩ ሥራው የሚፈልገውን ሙቀት ሳያገኝ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ማሞቂያው ይቀዘቅዛል፤ ነዳጅ በብዛት ይባክናል፤ ዘይቱም ቶሎ ይቈሽሻል፤ ሞተሩም ያለ ጊዜው ያልቃል።

«እንግዲያው ቴርሞስታቱ ሲወልቅ መኪናዋ መፍላት ያቆመችው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ከከፍታው ጋር የተያያዘ ነው። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፣ በእንጅባራ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቴርሞስታቱ በ88 የሚከፈት ከሆነ፣ በመከፈቱና በመፍላቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ሞላ ውሃውን በግፊት ይይዘዋል። 0.9 የሚል ቍጥር ያለበት ደኅና ክዳን በእኛ ከፍታም ቢሆን የውሃውን መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ ግን መኪናው ዳገት ላይ ይፈላል። ያን ጊዜ ጥፋተኛው ክዳኑ ወይም የተደፈነው ራዲያተር ሆኖ ሳለ፣ ቅጣቱን የሚቀበለው ቴርሞስታቱ ነው። በእኛም መኪና የሆነው ይኸው ነበር። ክዳኑ ተለውጦ፣ ራዲያተሩ ታጥቦ፣ አዲስ ቴርሞስታት ሲገባላት፣ ማሞቂያዋም ሞቀ፣ ዓባይንም ሳትፈላ ወጣች። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ በከንቱ ለተገዛው ዕቃ ከወጣው እጅግ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ ማሞቂያው የቀዘቀዘበት ሰው ምርመራውን ገንዘብ ከማያስወጣው ነገር ጀምሮ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢያካሂድ ይጠቀማል።

1ኛ/ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃው ሙሉ መሆኑን ማየት። ማሞቂያው ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ውሃ ሲጎድል ቀድሞ የሚደርቀው እርሱ ነው። ሞተሩ በጋለ ጊዜ ክዳኑን መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

2ኛ/ ውሃው ከሞላ በኋላ አየር ታምቆ እንዳይቀር ማስወጣት። መኪናው አፍንጫው ወደ ዳገት እንዲሆን ይቆማል፤ የማሞቂያው መቈጣጠሪያ ሙቅ ወደሚለው ይዞራል፤ ክዳኑም ገና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተከፍቶ በሚኒሞ እንዲሠራ ይደረጋል፤ የአየር አረፋ እየወጣ ውሃው በጎደለ ቍጥር ይሞላል። ነዳጅ ሲሰጥ የሚሞቅ፣ መኪናው ሲቆም የሚቀዘቅዝ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የውሃ መጉደል፣ የታመቀ አየር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ነው።

3ኛ/ የሙቀት መለኪያውን መመልከት። ግማሽ ሰዓት ተነድቶ መርፌው ከታች ካልተነሣ ቴርሞስታቱ ወልቋል ወይም ተከፍቶ ቀርቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። መርፌው በጣም ከፍ ብሎ ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ግን ነገሩ አስጊ ነው፤ ውሃው አልቋል ወይም መዞሩን አቁሟልና ወዲያውኑ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል።

4ኛ/ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች ከማራገቢያውና ከቺንጋው ርቆ በጥንቃቄ መዳሰስ። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ወደ ውሃውና ወደ ቴርሞስታቱ መመለስ ነው። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ የማሞቂያው ራዲያተር ተደፍኗል፣ ወይም በአሮጌ መኪናዎች ላይ የሚገኘው የውሃ መክፈቻ አልከፈት ብሏል። ሁለቱም ሞቀው አየሩ ብቻ ከቀዘቀዘ ደግሞ፣ ከክሩስኮቱ ውስጥ አየሩን የሚመራው መዝጊያ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ወልቋል፤ ይህም በጥቂት ደቂቃ የሚስተካከል ሊሆን ይችላል።

5ኛ/ የተደፈነውን ማሞቂያ ከመለወጥ በፊት ማጠብ። ሁለቱ ቱቦዎች ከሞተሩ በኩል ተፈትተው፣ ንጹሕ ውሃ ግፊቱ ሳይበዛ በመውጫው በኩል ገብቶ በመግቢያው እንዲወጣ፣ ዝገቱም ጠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ይደረጋል። ግፊት ከበዛ ያረጀው ራዲያተር ይፈነዳል። የእግር ምንጣፉ ከረጠበ፣ ጣፋጭ ሽታ ከሸተተ፣ መስተዋቱም ላይ ቅባት የመሰለ ጉም ከታየ ግን ማሞቂያው አፍስሷልና መለወጡ አይቀርም።

6ኛ/ በውጪ የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ውሃው በየቀኑ የሚጎድል፣ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋው የማያቋርጥ፣ በማርሚታውም ነጭ ጢስ የሚበዛ ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና ጭኖ ወደ ሩቅ አገር መላክ ሞተሩን ማጣት ነው።

በመለዋወጫ ንግድ ላይ ላሉ ወገኖቻችንም ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 አገልግሎት በሰጡ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ በመጣሉ፣ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመወሰኑ፣ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ከፍ ያለ ንብረት ሆኗል። ስለዚህ ባለሱቁ ቴርሞስታትን በዲግሪው፣ የራዲያተር ክዳንን በግፊት ቍጥሩ ለይቶ ቢያስቀምጥና ደንበኛውም አሮጌውን ይዞ እንዲመጣ ቢያደርግ፣ ለሁለቱም ይጠቅማል። ግፊቱ ከሚገባው በላይ የሆነ ክዳን ያረጀ ቱቦን ይፈነዳልና «ይህኛው ይበልጣል» ብሎ መሸጥ አይገባም።

ኩላንትንም በተመለከተ፣ ያልተበረዘው ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ተደባልቆ ሲገባ ዝገትን ይከላከላል፤ ወንዝና ጕድጓድ የሚቀዳ ውሃ ግን በውስጡ ባለው ደለልና ኖራ ጠባቡን የማሞቂያ መተላለፊያ ቀድሞ ይደፍነዋል። ኩላንት በብዛት የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል የተባለው ነገር ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ገዳይ መርዝ ነው። ስለዚህ ሻጩ ከምግብ ዘይትና ከለስላሳ መጠጥ አጠገብ እንዳይደረድረው፣ የሚያጥበውም ሰው የፈሰሰውን ሕፃናትና ከብቶች በሚደርሱበት ስፍራ እንዳይተወው አደራ እንላለን።

መኪናን ለጋራዥ የሚሰጥ ነጋዴም «ይሠራ» ብሎ ብቻ መሄድ የለበትም። የወለቀው ዕቃ ምን እንደ ሆነና በምን ምክንያት እንደ ወለቀ ጠይቆ በመዝገብ ቢያስጽፍ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ ይኖረዋል። በእኛ ቤት የመኪናዋ መዝገብ የተከፈተው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ የመጀመሪያው መስመርም የአዲሱ ቴርሞስታት ዲግሪና የገባበት ቀን ነው። አባቶቻችን ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዳሉት፣ የማሞቂያውም ነገር ከሥሩ ሲታይ ምክንያቱ ያው ውሃው ሆኖ ይገኛል።