ከሩቅ ሆኖ ለልጅ መተረክ

(እሑድ ከሰዓት በኋላ ለእህቶች ከተሰጠ ንግግር የተጻፈ)

እህቶቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ሌሊቱን እንግዳ ስታስተናግዱ አድራችሁ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ብዙ አላስረዝምባችሁም። እንድናገር የተጠየቅሁት ልጆቻችንን በስልክ ስለ ማሳደግ ነው። እኔ ምክር አዋቂ አይደለሁም። እኔንና ልጄን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያገናኘን ስለኖረ አንድ የልጆች ተረት ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ቤሩት የመጣሁት ልጄ አራት ዓመት ሲሞላት ነው። ደሴ፣ እናቴ ዘንድ ተውኳት። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ታውቋቸዋላችሁ፤ ካርድ ገዝተን፣ ማዳም እስክትወጣ ጠብቀን፣ በረንዳ ላይ ቆመን ነበር የምንደውለው። ልጄን «ደህና ነሽ?» እላታለሁ። «ደህና።» «ትምህርትስ?» «ጥሩ።» «ምን ልላክልሽ?» «ጫማ።» አለቀ። ስልኩ ወደ እናቴ ይመለሳል፣ የቀረው የኪራይና የጤፍ ወሬ ነው። ስምንት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን እናቴ «ነይ፣ እናትሽ ናት» ስትላት፣ ልጄ ከጓሮ «ጫማው ደርሷል በያት» ስትል ሰማኋት። አልመጣችም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጄ እኔን የምታውቀኝ እንደ ዕቃ ላኪ ነበር።

በዚያን ጊዜ የምሠራበት ቤት ሁለት ልጆች ነበሩ። አባታቸው ማታ ማታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነብላቸዋል፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ልብስ እያጠፍኩ እሰማለሁ። የእኔ እንግሊዝኛ የአሥረኛ ክፍል ነው፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ትልቁ ልጅ ይህን ሲያውቅ ቀን ቀን መጽሐፉን ይዞ ወጥ ቤት እየመጣ በጣቱ እያሳየ ያነብልኝ ጀመር። ያልገባኝን በአረብኛ ያስረዳኛል፤ አስተማሪ መሆን ደስ ይለው ነበር። መጽሐፉ የናርኒያ ታሪኮች የሚባለው ነው።

ተረቱ ምን ይላል?

ሰባት መጻሕፍት ናቸው። የጻፋቸው ሲ ኤስ ሉዊስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ እየሆኑ ወጡ። ከ40 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል፤ የመጀመሪያው በ2005 ትልቅ ፊልም ስለሆነ ምናልባት በየቤታችሁ ቴሌቪዥን ላይ አይታችሁት ይሆናል።

በመጀመሪያው መጽሐፍ አራት ወንድማማችና እህትማማች አሉ፦ ፒተር፣ ሱዛን፣ ኤድመንድና ሉሲ። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ ለንደን በቦምብ ትደበደባለች። ልጆቹ ከእናታቸው ተለይተው ገጠር አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ይላካሉ። ልብ በሉ፣ ተረቱ የሚጀምረው ከእናት በመለየት ነው። ልጆቹ ቤቱን ሲያስሱ ትንሿ ሉሲ ቁም ሳጥን ውስጥ ትገባለች። በካፖርቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ስትሄድ ግድግዳ የለም፤ ቅርንጫፍ ይነካታል፣ እግሯ በረዶ ይረግጣል። ጫካ መካከል የመንገድ መብራት ይበራል፤ ከወገቡ በታች ፍየል የሆነ ሰው ዣንጥላ ይዞ፣ ዕቃ ታቅፎ ይመጣል። አገሩ ናርኒያ ነው። እንስሳት እዚያ ይናገራሉ። አንዲት ጠንቋይ ግን ራሷን ንግሥት ብላ ክረምቱ እንዳያልፍ፣ ገናም እንዳይመጣ አድርጋለች። ኤድመንድ ለአንድ ሳጥን ጣፋጭ ብሎ ወንድሙንና እህቶቹን ለእሷ አሳልፎ ይሰጣል። ከዳተኛ ይሙት የሚል ሕግ ስላለ አስላን የሚባለው አንበሳ በኤድመንድ ፈንታ ይሞታል፤ ከዚያም ይነሣል። አስላን በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው።

በሌሎቹ መጻሕፍት መርከበኞች እስከ ዓለም ዳርቻ ይሄዳሉ። አንድ ልዑል በድግምት ታስሮ ከምድር በታች ይኖራል። ዓሣ አጥማጅ ያሳደገው ሻስታ የሚባል ልጅ ከሚናገር ፈረስ ጋር ወደ ሰሜን ይኮበልላል። ናርኒያ እንዴት እንደተፈጠረችና እንዴት እንዳለፈችም ይነገራል።

የጻፈው ሰው

ሉዊስ የተወለደው በ1898 ቤልፋስት ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ በ1908፣ እናቱ በካንሰር ሞተችበት፤ ጥቂት ሳይቆይም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ከወንድሙ ጋር ልጆች ሆነው እንስሳት የሚናገሩበት አገር ፈጥረው ይጫወቱ ነበር። በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር ከለንደን የወጡ ልጆች ኦክስፎርድ አጠገብ ባለው ቤቱ ተቀምጠዋል። የሙሉ ጊዜ ሥራው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ነበር፤ ሲያገባም ዕድሜው ገፍቶ ነው። ነገር ግን ልጆች ከየአገሩ ይጽፉለት ነበር፣ እሱም በእጁ ጽፎ ይመልስላቸው ነበር። እነዚያ ደብዳቤዎች ከሞተ በኋላ በ1985 ታትመዋል። ብዙዎቹን ልጆች በዓይኑ አላያቸውም፤ በደብዳቤ ግን አወቃቸው። እኔ ይህን ስሰማ በጣም ተጽናናሁ።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያበረከተው ለክርስትና ልጁ ለሉሲ ባርፊልድ ነው። መጽሐፉ እስኪያልቅ እሷ ለተረት ትልቅ ሆናለች፤ እሱ ግን እንደገና ለተረት የምትበቃበት ዕድሜ እንደሚመጣ ጻፈላት። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ስሰማው ሠላሳ ሊሞላኝ ነበር። ለካ እኔም ደርሼበት ኖሯል።

በደሴ ልጅ ቋንቋ

አንድ እሑድ ደውዬ፣ «ደህና ነሽ?» በማለት ፈንታ፣ «አንዲት ልጅ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባችና መውጫው ጠፋት» አልኳት። ዝም አለች። «ከዚያስ?» አለች። «ካርዴ አልቋል፣ የሚቀጥለው እሑድ» አልኩና ዘጋሁ። ካርዱ አላለቀም ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩን ያነሣችው ልጄ ናት።

መተረኩ ግን ቀላል አልነበረም። «በረዶ ይወርዳል» ስላት፣ ደሴ በረዶ ማለት ጣራ የሚደበድበው ነው። «መቶ ዓመት በረዶ ከወረደ ሰዎቹ አልሞቱም? ቆርቆሮው አልተበሳም?» አለችኝ። ልጅቷ እውነቷን ነው። እኔ እንኳ ያንን በረዶ ያየሁት ቤተሰቡ ፋራያ ተራራ ይዞኝ ሲወጣ ነው። «ባዘቶ ነው፤ አያትሽ የምትፈትለው ጥጥ ከሰማይ ቢወርድ በይው» አልኳት። ከዚያ ገባት።

ክረምቱም እንዲሁ። የፈረንጁ ክረምት ገና የሚከበርበት ነው፤ የእኛ ገና ግን በበጋ ነው። «ገና የሌለበት ክረምት» ብላት ምን ይገርማታል? ስለዚህ «መስከረም የማይጠባበት ክረምት» አልኩት። አደይ አበባ የለም፣ እንቁጣጣሽ የለም፣ ወንዙ ሞልቶ ማንም ዘመድ አይሻገርም። አስላን ሲመጣ ግን አደይ ፈነዳ። ስልኩ ውስጥ እንደ መተንፈስ ያለ ድምፅ ሰማሁ።

የኤድመንድ ጣፋጭ ደግሞ እዚህ ራሃ የምንለው ነው። ወደ አገር ቤት ለምትሄድ እህት አንድ ሳጥን ሰጥቼ ላክሁላት። ልጄ ሦስት ቀን አልነካ አለች። «ኤድመንድን ያታለለው ነው» ብላ ጎረቤት አስጠነቀቀች። በኋላ አንድ ቀምሳ፣ «እማ፣ ለዚህ ነው እንዴ ወንድሙን የሸጠው?» አለችኝ። ስለ ክህደት ከዚያ የተሻለ ስብከት ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። «ለልጄ የጠንቋይ ወሬ አታውሪባት፤ የፍየል እግር ያለው ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከእናንተም እንዲህ የምታስብ ትኖራለች። እኔ «እማዬ፣ አንቺስ ስለ ጅብና ስለ አንበሳ ስታወሪልን አልነበረም? ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ስሚው» አልኳት። ሰማች። አንበሳው ሲሞት ያለቀሰችው እሷ ናት። ይህ ጥያቄ አዲስም አይደለም። በ1955 አንዲት አሜሪካዊት እናት፣ ልጇ ከኢየሱስ ይልቅ አስላንን እየወደደ መስሎት እንደተጨነቀ ለሉዊስ ጽፋለት ነበር። እሱም፣ ልጁ አስላንን የወደደበት ነገር ኢየሱስ ያደረገውና የተናገረው ስለሆነ፣ የሚወደው ኢየሱስን ነው ብሎ መለሰላት።

ያልጠበቅሁት ጥያቄ

አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ፣ የሻስታን ታሪክ እየነገርኳት ሳለ፣ «እማ፣ ይህን ተረት ከማን ሰማሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «እነሱ አልጋቸው ላይ ሆነው ነው የሰሙት? አንቺም እዚያው ነበርሽ?» አለች። «አዎ» አልኩ። ስልኩን ዘጋችው።

ሁለት እሑድ አላነሣችም። እህቶቼ፣ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሰው ልጅ አጥበን፣ አብልተን፣ አስተኝተን፣ የራሳችን ልጅ በአያቷ ጉያ ትተኛለች። እኔ መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። በሦስተኛው ሳምንት ቮይስ ላክሁላት። «እነሱ በየማታው ሰምተው ይተኛሉ። እኔ ግን አልተኛም፤ ለአንቺ እንዴት አድርጌ እንደምነግርሽ ሳስብ አድራለሁ» አልኳት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ማታ መልስ መጣ፣ አንድ ቃል ናት፦ «ፈረሱስ?»

እንዴት እንደምታደርጉት

ብዙዎቻችሁ በዕረፍት ጊዜ «እንዴት ነው የምትጀምሪው?» ትሉኛላችሁ። የተማርኩት ይህን ነው።

ቀንና ሰዓት ቁረጡ፤ የሚቻለውን ቁረጡ። በሳምንት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ያቺን ግን አታጥፉ። ማዳም ስልክ የማትፈቅድ ከሆነ ለሊት ላይ አጭር ቮይስ ቅዱና ሲመቻችሁ ላኩ።

የገንዘብ ወሬ በዚያ ሰዓት አይነሣ። ስለ ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ በሌላ ቀን፣ ከአሳዳጊዋ ጋር ተነጋገሩ።

ልብ በሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ አቁሙ፤ የት እንዳቆማችሁም ደብተር ላይ ጻፉ። ልጅ አይረሳም፤ እናንተ ከረሳችሁ ያዝናል።

ጠይቁ። «አንቺ ብትሆኚ ኤድመንድን ይቅር ትይው ነበር?» በሉ። ልጄ በትምህርት ቤት የከዳቻትን ጓደኛዋን የነገረችኝ በዚህ ጥያቄ ነው። በቀጥታ ብጠይቃት «ጥሩ» ነበር የምትለኝ።

አሳዳጊውም ይስማ። ተረቱ በእናንተና በልጃችሁ መካከል ብቻ ከሆነ አያት ትቀየማለች፤ አብራ ከሰማች ግን በሳምንቱ መካከል ታስታውሳለች።

እንግሊዝኛ የማታውቁ አትፍሩ። ናርኒያ የግድ አይደለም። የገዛ አያታችሁን ተረት እየቆራረጣችሁ ንገሩ፤ ዋናው የሚቀጥል መሆኑ ነው።

የዘለልኩት

ልጄ አሁን ሃያ ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ትማራለች። አምና መጻሕፍቱን ከጓደኛዋ ተውሳ በእንግሊዝኛ አነበበቻቸው። አንድ ማታ ደውላ፣ «እማ፣ ስድስተኛው ላይ የዲጎሪ እናት ታማ ልትሞት ነበር። ይህን ለምን ዘለልሽብኝ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ዘልዬዋለሁ። ያን ጊዜ እናቴ ታማ ነበር፤ ልጄ ከጎኗ ናት፣ እኔ እዚህ ነኝ። በመጽሐፉ ዲጎሪ ለእናቱ መድኃኒት ይለምናል፤ ቀና ሲል አንበሳው ራሱ ያለቅሳል። በመጨረሻም ፍሬ ይሰጠዋል፣ እናቱም ትድናለች። የሉዊስ እናት ግን አልዳነችም። ለራሱ ያልመጣለትን ለዲጎሪ የሰጠው ይመስለኛል። ለእኔም እናት ፍሬው አልመጣም፤ ለቀብሯም አልደረስኩም። ያን ታሪክ በአፌ ማውጣት አልቻልኩም ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። እሷም ያን ምዕራፍ በአማርኛ እያደረገች በሰባት ቮይስ ላከችልኝ። ሥራ ጨርሼ፣ መብራት አጥፍቼ፣ እንደ ልጅ ተኝቼ ሰማሁት። ድሮ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እንል ነበር። ልጄ ተረቴን መለሰችልኝ።

አሁን ለእህቴ ትንሽ ልጅ ትተርክለታለች። እንግሊዝኛውን ራሷ አንብባዋለች፣ በትክክል ምን እንደሚል ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። እሱን ስትነግረው ግን አሁንም «መስከረም የማይጠባበት ክረምት» ነው የምትለው፤ በረዶውም ባዘቶ ነው።

እህቶቼ፣ ዛሬ ማታ የምትደውሉ ካላችሁ ጫማውን ለነገ አቆዩት። ቸር ይግጠመን።