ጭረትን በጭረት፦ የደበዘዘ የመኪና ቀለም እንዴት መልሶ ያበራል?

በአንድ የብርሃን ትምህርት ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ላይ አንድ ተማሪ «ፖሊሽ ውስጥ ያለው ሻካራ ዱቄት ከሆነ፣ መኪናውን ይበልጥ መጫር ሲገባው ስለ ምን ያበራዋል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የብርሃንን ጠባይ፣ የቁሶችን ጥንካሬና የአንድን ስስ ልባስ ዕድሜ በአንድነት የሚያነሣ ነው። መልሱም «እሾህን በእሾህ» ከሚለው አባባል ብዙ አይርቅም።

በቅድሚያ የቀለሙን አሠራር እንመልከት። በዘመናዊ መኪና ላይ የምናየው ቀለም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከብረቱ ቀጥሎ ፀረ ዝገት ልባስ፣ በላዩ የመሠረት ቀለም፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ንጣፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ መስተዋት የጠራ ቀለም አልባ ልባስ ይገኛል። የሁሉም ድምር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ የጠራው ልባስ ድርሻ 40 ወይም 50 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ይህም በግምት የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ግማሽ መሆኑ ነው።

ይህ ልባስ ብርሃን ቀጥ ብሎ ሲያርፍበት 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመልሳል። ገጹ ለስላሳ ከሆነ የተመለሰው ብርሃን ሥርዓቱን ጠብቆ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ፣ በኮፈኑ ላይ የሰማዩንና የዛፉን ምስል እናያለን። ገጹ ከተጫረ ግን ያው ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ምስሉም በነጭ ጉም የተሸፈነ ይመስላል። ጥቁር መኪና ጭረቱን አጉልቶ የሚያሳየው ከሥር የሚመለሰው ብርሃን ጥቂት በመሆኑ፣ የተበተነው ብርሃን ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ለመሆኑ «ለስላሳ» ማለት ምን ማለት ነው? በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በሎርድ ሬይሊ (1842–1919) ስም የሚጠራው መለኪያ፣ የገጹ ጉብታና ጉድጓድ ልዩነት ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት አንድ ስምንተኛ ካነሰ ገጹ ለስላሳ ነው ይላል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 550 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ወሰኑ ወደ 70 ናኖሜትር ይሆናል። የተማሪያችን እንቆቅልሽ የሚፈታውም እዚህ ላይ ነው። ፖሊሽ ጭረትን አያጠፋም፤ ትልቁን ጭረት ብርሃን ሊለየው በማይችል እጅግ ትንንሽ ጭረት ይተካዋል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ መስተዋት መወልወል ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነበር። ስለሆነም ሥራው ከሻካራው ዱቄት ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ደቃቁ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የጭረቱ ጉድጓድ አይሞላም፤ ዙሪያው ተፍቆ ከጉድጓዱ ወለል ጋር ይስተካከላል እንጂ። ሰም የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ጉድጓዱን ሞልቶ ብርሃኑ እንዳይበተን ያደርጋል፤ ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ታጥቦ ያልቃል። ልዩነቱን ለማየት የተጫረውን ቦታ በውኃ ማራስ ይበቃል። ጭረቱ ሲርስ ከተሰወረ በጠራው ልባስ ውስጥ ያለ ቀላል ጭረት ሊሆን ይችላል። ጥፍራችንን የሚይዝ ከሆነ ግን ለፖሊሽ እጅግ ጥልቅ ነው።

ታዲያ ጉዳቱ ከየት ይመጣል? አንደኛው ምክንያት አቧራ ነው። በአቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ደረጃ ስላለው፣ አቧራ የለበሰን መኪና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በስስ የብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ይቆጠራል። በላቫጆ አስቀድሞ ብዙ ውኃ ማፍሰስ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ የልባሱን የፖሊመር ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል። የጨረሩ ኃይል በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ይበረታል።

የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚከላከለውም፣ በፖሊሽ የሚፋቀውም ያው አንድ ልባስ ነው። በእያንዳንዱ ጠንካራ ፖሊሽ 3 ማይክሮሜትር ይፋቃል ብንል፣ 45 ማይክሮሜትር የነበረው ልባስ ከአምስት ጊዜ በኋላ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ደግሞ የሰበቃው ሙቀት ልባሱን አለስልሶ ያበላሸዋል። ልባሱ አንዴ ካለቀ የሚመልሰው ፖሊሽ የለም፤ የሚቀረው እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ መኪና «እንደ አዲስ አበራ» ሲባል ብንሰማ፣ ምን እንደ ተጨመረለት ሳይሆን ምን ያህል እንደ ተቀነሰለት መጠየቅ ይገባናል።