ያው አዳራሽ፣ ያው ማይክ፦ አዝማሪው ለምን ይሳካለታል?

በሠርግ ወይም በማኅበር በዓል ላይ ዘፋኝና ኮሜዲያን አንድ ላይ ሲጋበዙ፣ ዘፋኙ ተጨፍሮለት ይወርዳል፤ ኮሜዲያኑ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹ ታዳሚ ሳይሰማው ይጨርሳል። «ቀልዱ አያስቅም» ብሎ መፍረድ ይቀላል። እኔ ግን ጥፋቱን ከቀልዱ ይልቅ በአዳራሹ ጠባይ ላይ አያለሁ።

ሙዚቃ ጫጫታ ይችላል። እንግዳው እየበላ፣ ከጎኑ ካለው ጋር እያወጋ ዜማውን መከተል አያቅተውም፤ አንድ ስንኝ ቢያመልጠው አዝማቹ ተመልሶ ይመጣል። ገጸ ባሕርይ ተላብሶ የሚያስቅ ሰው ግን በመጀመሪያ ያንን ሰው ማስተዋወቅ አለበት፤ አነጋገሩን፣ አረማመዱን፣ የሚመኘውን። ከመካከል አንዷ ዓረፍተ ነገር በሳህን ኳኳታ ከተዋጠች፣ በእሷ ላይ የተመሠረተው ሳቅ አብሮ ይቀራል። ሞንታርቦውም የተስተካከለው ለዘፈን ነው፤ ኤኮው ሳይቀነስ ንግግር ሲገባበት ቃላቱ ይደራረባሉ። ለባንዱ ረጅም የድምፅ ፍተሻ የሚያደርግ አዘጋጅ፣ ለኮሜዲያኑ «ሄሎ ሄሎ» እንኳ የሚልለት ስንት ጊዜ ነው?

አዝማሪው ይህን ችግር ከፈታው ብዙ ዘመን ሆኖታል። መሣሪያው በፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያለው መሰንቆ ነው፤ እየመታ ይዘፍናል፣ እየዘፈነ ይራመዳል። ወደ አንድ ጠረጴዛ ሲጠጋ ዓይኑ ቀድሞ ይሠራል፦ ማን አዲስ ኮት ለብሷል፣ ማን ከማን ራቅ ብሎ ተቀምጧል፣ ማን ለመክፈል ያመነታል። ስሙን ከጓደኛው ጠይቆ በሙገሳ ይጀምራል። የመጀመሪያው ስንኝ ምንም ክፋት የለበትም፤ ቤቱን ብቻ ያዘጋጃል። መሰንቆው ብቻውን ጥቂት ሲዞር ሰዉ ሁለተኛውን ይጠብቃል፣ አዝማሪውም ያስባል። ከዚያ መርፌዋ ትመጣለች። ቀልዱ በሁለት ስንኝ ስለሚያልቅ መሐል የገባ ሰው አይቸገርም፤ ከሳቁ በኋላም ዜማው ስለሚቀጥል የሚያስጨንቅ ዝምታ የለም፣ ሳቅ ባይመጣም ማንም አያፍርም።

«ተቀበል» የሚባለው ደግሞ ሥራውን ለታዳሚው ያካፍላል። እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ጓደኛን መውጋት የፈለገ ሰው በሌላ አፍ ይወጋል፤ ሰሙ ሲታይ ወርቁ ተሸፍኖ ስለሚቀር የተወጋውም ስቆ ገንዘብ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ለእኔ አዝማሪው ራሱ ገጸ ባሕርይ ነው። ያ ደፋር፣ ገንዘብ ወዳድ፣ ሁሉን አይቶ የማያልፍ ሰው የመድረክ ሰው ነው፤ ስድቡ የሚታለፍለትም ለዚህ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር በሌላ መንገድ ሄዷል። ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጫጭር አስቂኝ ድራማ በአንድ ዝግጅት ሲያፈራርቅ፣ ታዳሚው ወንበሩን ወደ መድረክ አዙሮ፣ ሊያይ መጥቶ ነው። ኮሜዲያኖቹ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩም በጥንድ ያሳቁን ሳሎን ተቀምጠን በቴሌቪዥን ስንከታተላቸው ነበር። ይህን ዓይነት ሥራ ክትፎ ወደሚበላበት አዳራሽ እንዳለ ማዛወር አይቻልም።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ዲሲ የማኅበረሰብ ዝግጅት የሚያሰናዳ ሰው ኮሜዲያኑን ከምግብ በኋላ፣ ከጭፈራ በፊት ያስገባው፤ አንዴ ዳንስ የጀመረ ሰው ለወሬ አይቀመጥም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከመድረክ አይውረድ፤ በየገጸ ባሕርዩ መግቢያ አጭር ዜማ ቢያሰማ ተመልካቹ ሰው እንደተቀየረ ያውቃል። ኮሜዲያኑም ከሩቅ ሰው ይልቅ አዳራሹ ከሚያውቀው ዓይነት ይነሣ፦ ማይክ ከያዘ ከማይለቀው የዕድር ሰብሳቢ፣ ሽልማት ቆጥረው ከሚያሳውቁት የሙሽራ አጎት። እነዚህን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ጉሮሮውን እንደ ሰብሳቢው ጠርጎ ማይኩን ሁለት ጊዜ መታ ቢያደርግ፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገር የኋላ ጠረጴዛዎች ዞረው ያዩታል።